ወንበሩን ገልብጣችሁ እዩት

አንባብያን ሆይ፤ ይህን ገጽ የምታነቡት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ከሆነ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተነሡና ወንበሩን ገልብጡት። ከመቀመጫው በታች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመካከሉ ላይ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ክብ ጠባሳ ታገኛላችሁ። ወንበሩ በሙሉ፣ አራት እግሮቹ፣ ሁለት ክንዶቹና መደገፊያው ጭምር፣ ቀልጦ የገባው በዚያች ጠባብ በር ነው። ወንበር ከሌለም ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለውን የውሃ ጠርሙስ አንሥታችሁ ቂጡን ተመልከቱ፤ እዚያም መካከሉ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ጠርሙሱ በአየር ተነፍቶ ከመወጠሩ በፊት ወፍራም አጭር ቱቦ ነበረ፤ ነጥቧ ለዚያ ቱቦ ፕላስቲኩ የገባባት በር ናት። የዕቃው እምብርት ብንላት አልተሳሳትንም።

ዛሬ ከዚህች እምብርት ተነሥተን በፕላስቲክ ዕቃ ገላ ላይ ስለሚታዩት ስርጉድ፣ መስመር፣ ጭረትና ጥቁረት እንጫወታለን። ነገሩ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቦታ ባልሰጠነው ነበር። ነገር ግን ከእናንተ መካከል የመሥሪያ ቤቱ የርክክብ ኮሚቴ አባል ሆኖ መቶ ወንበር ቈጥሮ እንዲረከብና እንዲፈርም የሚታዘዝ አይጠፋም። ከተማሪዎቹም ትምህርቱን ጨርሶ ፋብሪካ የሚገባና ከመኪናው አጠገብ የሚቆም ይኖራል። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ምልክት ከምን መጣ? ሰው የተቀመጠበት ቀን ይሰበራል ወይስ አይሰበርም?

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጥሬ ዕቃው ሩዝ የሚያህል ፍሬ ሆኖ በከረጢት ይመጣል። ፍሬው በመኪናው ራስ ላይ ባለ ማስገቢያ በኩል ወደሚሞቅ የብረት ቱቦ ይወርዳል፤ በቱቦውም ውስጥ የሚዞር ጠመዝማዛ ብሎን ልክ እንደ ሥጋ መፍጫ እየገፋ ወደ ፊት ይወስደዋል። ቀልጦ እንደ ወፍራም ማር ሲሆን ብሎኑ መዞሩን ይተውና በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ይገፋዋል። ኢንጀክሽን የተባለውም የሐኪም መርፌ መድኃኒቱን እንደሚገፋ ስለሚገፋ ነው። የሚገፋውም ሞልድ ወደሚባለው ነው፤ ይኸውም ሁለት ቁራጭ ብረት ተጋጥሞ በመካከሉ የወንበሩን ቅርጽ የያዘ ባዶ ስፍራ ማለት ነው። በብረቱ ሆድ ውስጥ ማቀዝቀዣ ውሃ ይመላለሳል። ፕላስቲኩ ሲረጋ ሞልዱ ይከፈታል፤ ወንበሩ ተገፍቶ ይወጣል፤ ሞልዱ ተዘግቶ ደግሞ ይጀመራል።

ዘዴው ያረጀ ነው። አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያትና ወንድሙ የዚህን መኪና አያት የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. ነው። የዚያ ጊዜው መኪና ገፊ ዘንግ ብቻ ነበረው፤ ብሎን ያለበትን መኪና ጄምስ ዋትሰን ሄንድሪ በ1946 ሠራ። አብዛኛው ወንበር የሚሠራበትን ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ፕላስቲክ ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ በ1954 አገኘ፤ በ1963 ከጀርመናዊው ከካርል ዚግለር ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ማሶኔ ደግሞ በ1972 አንድ ወጥ የሆነውን የፕላስቲክ ወንበሩን ለገበያ አቀረበ፤ አንዱን ወንበር ለማውጣት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም ነበር። ዛሬ በየሰርጉ፣ በየለቅሶውና በየሻይ ቤቱ የምንቀመጥባቸው ወንበሮች የዚያ ዘመዶች ናቸው። (ቢጫው የዘይት ጀሪካን ግን ከዚህ ቤተ ሰብ አይቈጠርም፤ እርሱ ተነፍቶ የሚሠራ ስለሆነ የራሱ ሌላ ሕመም አለው። ሌላ ሳምንት እንመለስበታለን።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ለወንበር የሚቀልጠው ፖሊፕሮፒሊን ሙቀቱ 220 ዲግሪ ያህል ነው፤ የሚያርፍበት ብረት ግን ለእጅ የሚቻል ነው። ስለዚህ ትኩሱ ፕላስቲክ ብረቱን እንደ ነካ ላዩ ወዲያው ይረጋል፤ ውስጡ ግን ገና ፈሳሽ ነው። ላዩ አስቀድሞ የረጋ ቆዳ፣ ውስጡ ዘግይቶ የሚረጋ ሥጋ መሆኑን ከያዝን የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። በሞልዱ ውስጥ በጥቂት ሰከንዶች የሆነው ነገር ሁሉ በቆዳው ላይ ተጽፎ ይቀራል። እንጀራ ጋጋሪ ምጣዱን ከፍታ ዐይን የሌለው እንጀራ ብታገኝ ከወዴት በኩል ዐይን እንደ ጐደለው ታያለች። ዳር ዳሩ ብቻ ከሆነ ምጣዱን፣ መላው ከሆነ ሊጡን ትጠረጥራለች። ዝም ብላ እሳት አትጨምርም። በፕላስቲክ ፋብሪካ የሚያስቸግረው ግን እሳትና ግፊት መጨመር እጅግ ቀላል መሆኑ ነው፤ አንድ ቍልፍ መንካት ብቻ ይበቃል።

ከሁሉ የተለመደውን፣ ስርጉዱን እንውሰድ። የወንበሩን መቀመጫ ከላይ በኩል በመስኮት ብርሃን አግድም ብታዩት፣ ከሥሩ ማጠናከሪያ ጎድን ባለበት አኳያ ለስላሳው ገጽ በትንሹ ገባ ብሎ ይታያል። ምክንያቱን ቅቤ አንጥሮ በቆርቆሮ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቅቤው ሲፈስስ ደልዳላ ነበረ፤ ሲረጋ ግን መካከሉ ይሰረጕዳል። የቀለጠ ነገር ሲረጋ ይኮማተራልና ነው፤ የሚኮማተረውም መጨረሻ የሚረጋው ወፍራሙ ስፍራ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ይኮማተራል። 80 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ወንበር 1.5 በመቶ ቢኮማተር 1.2 ሳንቲሜትር ያጥራል ማለት ነው፤ ሞልድ ሠሪው ይህን አስልቶ ብረቱን ከወንበሩ አስበልጦ ይሠራዋል። ጎድኑ ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ግን ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ከሌላው ይልቅ ዘግይቶ ይረጋል፤ ሲኮማተርም ቆዳውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ቆዳው ጠንክሮ አልሳብም ካለም ነገሩ አይሻልም፤ ያን ጊዜ በሥጋው ውስጥ ክፍት ጉድጓድ ይቀራል፤ ይህም ከውጭ ስለማይታይ ከስርጉዱ ይብሳል።

መድኃኒቱስ? መኪናው ሞልዱን ከሞላ በኋላ ወዲያው መግፋቱን አያቆምም። ሥጋው ሲኮማተር የጐደለውን እንዲተካ ለጥቂት ሰከንድ ግፊቱን ይዞ ይቆያል፤ ይህን መያዣ ግፊት ብለን እንጥራው። ነገር ግን መያዣው የሚሠራው ያቺ የሽንብራ ፍሬ የምታህለው በር ሳትረጋ ድረስ ብቻ ነው። በሩ ከረጋ በኋላ የመቶ መኪና ግፊት ቢጨመር አንዲት ጠብታ አይገባም። በሩ ሳይረጋ ግፊቱ ከተለቀቀ ደግሞ የገባው ተመልሶ ይወጣል፤ በበሩ ዙሪያ ያለውም ስፍራ ይሰረጕዳል።

እንግዲህ በሩ የሚረጋው በስንት ሰከንድ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ከዕውቀት ሁሉ የምወደውን ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ። የሚያስፈልገው ሚዛን ብቻ ነው። መያዣውን 2 ሰከንድ አድርጎ የወጣውን ዕቃ መመዘን፤ ከዚያ 4፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 8 እያደረጉ መመዘን ነው። በሩ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ክብደቱ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይጨምራል። አንድ ስፍራ ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል፤ በሩ ረግቷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰከንድ ሁሉ በከንቱ የሚጠፋ ጊዜና የኤሌክትሪክ ሒሳብ ነው። ክብደቱ መጨመሩን አቁሞም ስርጉዱ ካልጠፋ ጉድለቱ ከመኪናው ቍልፍ ሳይሆን ከሞልዱ ነው፤ በሩ ጠባብ ነው፤ ወይም ጎድኑ ከመጠን በላይ ወፍሯል። የደንቡ ልክ የጎድኑ ውፍረት ከገጹ ውፍረት ከግማሽ እስከ ስድሳ በመቶ ድረስ እንዲሆን ነው። ገጹ 4 ሚሊሜትር ከሆነ ጎድኑ ከ2 እስከ 2.4 ሚሊሜትር ይሆናል። ብዙ ሠሪዎች ይህን ማስተካከል ውድ ስለሚሆንባቸው ገጹን እንደ ቆዳ ወይም እንደ እንጨት ሸካራ ያደርጉታል፤ ሸካራ ላይ ስርጉድ አይታይምና። በዚህ አንፈርድባቸውም። ከጎድን አኳያ ያለ ጥቂት ስርጉድ ወንበርን አይሰብርም።

የሚሰብረው ሌላ ነው፤ ወደ እርሱ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ወጣት ሠራተኛ በመኪናው ፊት ቆሞ ስርጉዱን ለማጥፋት ሲጣደፍ እናስብ። ሚዛኑን ትቶ ግፊቱን ይጨምራል። ስርጉዱ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በዕቃው ዳር ፍላሽ የሚባለው ስስ ትርፍ እንደ ቅጠል ሾልኮ ይወጣል። የሞልዱ ሁለት ቁራጭ ብረት በግፊቱ በጥቂቱ ተላቅቋል ማለት ነው። ኀይሉ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እስኪ እናስላው። 20 በ20 ሳንቲሜትር የሆነ መክደኛ ስፋቱ 400 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። በሞልዱ ውስጥ ያለው ግፊት በካሬ ሳንቲሜትር 300 ኪሎ ቢሆን፣ ሁለቱን ብረት ለማለያየት የሚገፋው ኀይል 120,000 ኪሎ፣ ማለትም 120 ቶን ይሆናል። ለአንድ መክደኛ! እንግዲህ ወጣቱ ፍላሹን ሲያይ የመዝጊያውን ኀይል ይጨምራል። ፍላሹ ይቆማል፤ ይሁን እንጂ በመጨረሻው ማዕዘን ላይ ጥቁር የቃጠሎ ምልክት ይወጣል። አሁንም ተቃጠለ ብሎ የቱቦውን ሙቀት ይቀንሳል። ሙቀቱ ሲቀንስ ፕላስቲኩ ይወፍርና የሞልዱን ጫፍ ሳይሞላ ይረጋል። ስለዚህ ግፊቱን ደግሞ ይጨምራል። ከጧት እስከ ማታ አራት ቍልፍ ዞሯል፤ የወጣው ዕቃ ግን ከጧቱ የባሰ ነው፤ ከምን ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰም የሚያስታውስ የለም። ደግሞም ፍላሽ አንድ ጊዜ ከወጣ የሞልዱን ከንፈር እየደፈጠጠ የሚቀጥለውን ፍላሽ ያቀላል፤ ያንን ከንፈር እንደገና ማስተካከል የባለሙያ ሥራና ብዙ ብር ነው። ኮንጎ ጫማ ተጫምታችሁ የምታውቁ ከሆነ በጠርዙ ዙሪያ እንደ ክር የሚሄደውን ስስ መስመር ታስታውሳላችሁ፤ የሞልዱ ከንፈሮች የሚገናኙበት ነው። መስመር መሆኑ የግድ ነው፤ በምላጭ የሚቈረጥ ቅጠል መሆኑ ግን የግድ አይደለም።

ያንን የቃጠሎ ምልክት በጥቂቱ እንመልከተው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነውና። ተቃጠለ ሲባል ሙቀት በዛ ማለት ይመስላል። ነገር ግን የናፍጣ መኪና ነጂ ብትጠይቁት፣ ሞተሩ የብልጭታ ሻማ ሳይኖረው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው አየሩን በመጭመቅ ብቻ እንደ ሆነ ይነግራችኋል። አየር በድንገት ሲታመቅ ይግላል። ሞልዱም ፕላስቲክ ከመግባቱ በፊት ባዶ አይደለም፤ በአየር የተሞላ ነው። ፕላስቲኩ በአንድ ሰከንድና በሁለት ሰከንድ ሲገባ ያ አየር መውጫ ይሻል። መውጫ ካጣ በመጨረሻው ማዕዘን ይታመቅና ይግላል፤ ፕላስቲኩን የሚያቃጥለውም እርሱ ነው። ስለዚህ በሞልዱ መገጣጠሚያ ላይ 0.02 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው የአየር መውጫዎች ይፋቃሉ፤ የራስ ጠጕር ውፍረት ሲሦ እንደ ማለት ነው። አየሩ በዚያ ያልፋል፤ ወፍራሙ ፕላስቲክ ግን አያልፍም። እነዚህ መውጫዎች በጊዜ ብዛት ከፕላስቲኩ በሚወጣ ጭስና ሰም መሳይ ነገር ይደፈናሉ። የመዝጊያው ኀይል ሲበዛም ይጨፈለቃሉ፤ የዚያ ወጣት ማዕዘን የተቃጠለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ጨርቅና መጥረጊያ ፈሳሽ ነው፤ ካልሆነም የመግፊያውን ፍጥነት መጨረሻው ላይ ማዝገም፣ የመዝጊያውንም ኀይል ወደ ልኩ መመለስ ነው። የቱቦው ሙቀት ከዚህ ነገር የለበትም።

ጥቁረቱ ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን ሳይሆን እንደ ቍንዶ በርበሬ ተበታትኖ በየስፍራው ከታየ ግን ሌላ ነው። በቱቦው ወይም በብሎኑ ጥግ ተጣብቆ ቀናትን ያሳለፈ ፕላስቲክ ከስሎ እየተቀረፈ ይመጣል፤ መድኃኒቱም ቱቦውን ማጽዳት ነው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ የሚለያያቸው ስፍራቸው ነው። አሥር ዕቃ በተርታ ደርድሮ ምልክቱ በሁሉም ላይ በአንድ ስፍራ ነው ወይስ እየተዘዋወረ ነው ብሎ ማየት ከማናቸውም ቍልፍ ይቀድማል።

ከበሩ ተነሥቶ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ የብር መልክ ያለው ጭረት አይታችሁ ታውቃላችሁን? ይህ በአብዛኛው የውሃ ሥራ ነው። አንዳንድ ፕላስቲክ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ናይለን 6 የተባለው በውሃ ተዘፍዝፎ ቢቆይ ከክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ ፖሊካርቦኔት የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያቺው ጥቂት ትበቃለች። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በተራ አየር ከ1,600 ዕጥፍ በላይ ይሰፋልና፣ በሙቁ ቱቦ ውስጥ ያለች ቅንጣት እርጥበት አረፋ ሆና በቆዳው ሥር ትሳባለች፤ የብር ጭረት ሆና ትታያለች። ስለዚህ ፖሊካርቦኔት ከመቅለጡ በፊት በ120 ዲግሪ ሦስት አራት ሰዓት ይደርቃል፤ የሚቀረው እርጥበት ከ0.02 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ናይለን በ80 ዲግሪ ገደማ ለብዙ ሰዓት ይደርቃል። በክረምት አፉ ተከፍቶ ያደረ ከረጢት በማግሥቱ የሚያመጣውን ችግር ከዚህ መገመት ትችላላችሁ። በፖሊካርቦኔት ላይ ጉዳቱ በመልክ አያበቃም። በዚያ ሙቀት ውሃው የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለት ይቈራርጠዋል፤ ዕቃው ቢያምርም እንኳ በቀላል ምት የሚሰነጠቅ ይሆናል። ጥሩው የመከላከያ ቆብና መነጽር ከዚህ ዐይነት ፕላስቲክ የሚሠራ ስለሆነ ነገሩ ጨዋታ አይደለም።

ፖሊፕሮፒሊን ግን ከእርጥበት ጋር ጓደኝነት የለውም። የወንበር ሠሪ የብር ጭረት ቢያገኝ ማድረቂያ ለመግዛት ከመሮጡ በፊት ሌላ ይጠይቅ። የተጨመረው ቀለም ወይም የኖራ ዱቄት እርጥብ ነበረን? ብሎኑ ወደ ኋላ ሲሳብ አየር ስቧልን? ፕላስቲኩ በጠባቡ በር ሲያልፍ በፍትጊያ ከመጠን በላይ ግሏልን? እንደ ሸክላ ዲስክ የተጠራቀቁ ቀለበቶች ከታዩ ደግሞ ሞልዱ በጣም ቀዝቅዟል ወይም ግፊያው ተንቀራፍፏል። እንደ ትል የተጠማዘዘ ምልክት ከበሩ ፊት ከታየ ፕላስቲኩ የሚያርፍበት ግድግዳ አጥቶ ከቱቦ እንደሚወጣ የጥርስ ሳሙና ባዶ አየር ውስጥ ተወርውሯል ማለት ነው፤ እርሱን በመጀመሪያ በዝግታ መግፋት ነው።

አሁን ወደሚሰብረው ደርሰናል። የወንበሩን መደገፊያ ተመልከቱ፤ ለአየር ማስገቢያና ለጌጥ ሲባል ረጃጅም ቀዳዳዎች አሉት። የቀለጠው ፕላስቲክ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ለሁለት ይከፈላል፤ ከቀዳዳው ማዶ ደግሞ ይገናኛል። ዥረት በድንጋይ ግራና ቀኝ አልፎ እንደሚገናኝ ነው። ውሃ ሲገናኝ መጋጠሚያው አይታወቅም። ፕላስቲክ ግን በመንገዱ ቀዝቅዞ በግንባሩ ስስ ቆዳ ስላወጣ፣ በሁለቱም ግንባር መካከል አየር ሊጠመድ ስለሚችል፣ ሲገናኝ እንደሚገባው አይዋሐድም። ቅርፊት ያወጡ ሁለት ድፎዎችን ጎን ለጎን ብታጣብቁ እንደማይዋሐዱ ያህል ነው። በዚያ ስፍራ ጠጕር የመሰለ መስመር ይቀራል፤ የመገናኛ መስመር እንበለው። በጥፍር ብትዳስሱት አንዳንድ ጊዜ ይያዛል።

ይህ መስመር በቀዳዳዎቹ ማዶ ብዙ ጭነት በሌለበት ስፍራ ቢውል ጉዳት የለውም። የኋላው እግር ከመቀመጫው ጋር በሚጋጠምበት ጕልበት ላይ ቢውል ግን ሰው ወደ ኋላ ዘንበል ባለ ቍጥር የሚከፈተው እርሱ ነው። በጆግ እጀታ ላይም እንዲሁ ነው። እጀታው ቀለበት ስለሆነ ፕላስቲኩ ከላይና ከታች ገብቶ መካከል ላይ ይገናኛል፤ ፈላ ውሃ የያዘ ጆግ ከእጅ የሚቀረው በዚያ መስመር ሲላቀቅ ነው። ለጥንካሬ የመስተዋት ጭረት የተደባለቀበት ፕላስቲክ ደግሞ ይብሳል፤ ጭረቶቹ መስመሩን ተሻግረው ሁለቱን ወገን አያስተሳስሩምና፣ ጥንካሬ ተብሎ የተገዛው በዚያ ስፍራ የለም ማለት ነው። ብርማ ወይም ወርቅማ ቀለም ያላቸው ዕቃዎች ይህን መስመር ጥቁር አድርገው ስለሚያሳዩ ሐሜታቸው ይበዛል፤ ነጭ ወንበር ግን ይሸሽገዋል። ቀለም ተቀብቶበት ከጠፋም ተሸሸገ እንጂ አልተዋሐደም።

ሠሪው ግንባሮቹ ትኩስ ሆነው እንዲገናኙ የፕላስቲኩንና የሞልዱን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ በትክክል በመስመሩ ስፍራ የአየር መውጫ ያደርጋል። ያም ካልረዳ የበሩን ስፍራ መለወጥ ነው፤ መስመሩ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጭነት ወደሌለበት ይሄዳል። ሞልዱ ከመቈፈሩ በፊት በወረቀት ላይ ቢታሰብ ዋጋው እርሳስና ላጲስ ነበረ። ዛሬ ፕላስቲኩ በየት ተከፍሎ በየት እንደሚገናኝ በኮምፒውተር አስቀድሞ ስለሚታይ ሠሪው አላወቅሁም የሚልበት ምክንያት እየጠበበ ሄዷል።

ከመገናኛው መስመር የማይተናነስ ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱም የቅልቅል ነገር ነው። የዕቃው ቆዳ በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከተላጠ የማይስማሙ ሁለት ፕላስቲኮች አብረው ቀልጠዋል። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊስታይሪን ሁለቱም ፕላስቲክ ይባሉ እንጂ እንደ ዘይትና ውሃ ናቸው። የተሰበረ ዕቃ ፈጭቶ መልሶ ማቅለጥ መልካም ሥራ ነው፤ የሚበላሸው ያልተለየ ውዳቂ ሁሉ በአንድ ከረጢት ሲፈጭ ነው። ለዚህ የትኛውም ቍልፍ አይረዳም፤ ግፊት ቢጨመር ሙቀት ቢጨመር ልጣጩ ልጣጭ ነው። እንዲህ ያለውን ወንበር በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት።

እንግዲህ የርክክቡ ቀን ደርሶ መቶው ወንበር በግቢው ተደርድሯል። ተደራርቦ እንደ ተቀመጠ ቈጥራችሁ አትፈርሙ። ከላይ ያለው ብቻ ሳይሆን ከመካከልና ከሥር ካሉት ጥቂቶቹን አውጡና በመስኮት ወይም በበር አጠገብ ብርሃኑ አግድም እንዲያርፍባቸው አድርጉ፤ ብርሃን በቀጥታ ከላይ ሲወርድ ብዙ ጉድለት ይሰወራል። ገልብጡና በሩን ፈልጉ። ከበሩ ተነሥታችሁ ፕላስቲኩ የሄደበትን መንገድ በጣታችሁ እየተከተላችሁ ከቀዳዳው ማዶና ከእግሮቹ ጕልበት ላይ መስመር እንዳለ እዩ። በጕልበቱ ላይ መስመር ከተገኘ በወንበሩ ላይ ከበድ ያለ ሰው ተቀምጦ ወደ ኋላ ዘንበል ይበል፤ መስመሩ ወደ ነጭነት ሲለወጥ ካያችሁት እዚያው በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉት። ከጎድኑ አኳያ ስላለ ስርጉድ ግን ከነጋዴው ጋር ጕሮሯችሁን አታድርቁ። በማዕዘኑ ላይ ጥቁረት ካለ ያ ማዕዘን ሳይሞላ ቀርቶ እንደ ሆነ በጣት ዳስሱ፤ ቃጠሎና ጎዶሎ ብዙ ጊዜ አብረው ይኖራሉና።

ያገለገለ ወንበር ዱቄት እንደ ተነሰነሰበት ነጭ ሆኖ ሲሰነጣጠቅ አይታችሁ ከሆነ እርሱን ከዚህ ጋር አታደባልቁት። ያ የፀሐይ ሥራ ነው። ፖሊፕሮፒሊን የፀሐይን ጨረር የሚከላከል መድኃኒት ካልተጨመረበት ሰንሰለቱ በጨረሩ ይቈራረጣል፤ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር ደግሞ ጨረሩ ከቈላው ይበረታል። ይህ በአዲሱ ወንበር ላይ ሊታይ ስለማይችል ግዥው ሲጻፍ ለደጅ አገልግሎት የሚሆን መሆኑን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በጽሑፍ መጠየቅን ካነሣን፣ ፋብሪካዎች እርስ በርሳቸው ሲገበያዩ የሚያደርጉትን መሥሪያ ቤታችሁም ሊያደርገው ይችላል። ውሉ ሲፈረም ሁለት ናሙና ይመረጣል፤ አንዱ መልካሙ፣ ሌላው ደግሞ ጉድለቱ እስከዚህ ድረስ ይፈቀዳል የሚባለው የመጨረሻው ወሰን ነው። በሁለቱም ላይ ገዢና ሻጭ ይፈርሙባቸዋል፤ ቀን ይጻፍባቸዋል። በርክክቡ ዕለት ክርክር ቢነሣ ወሰኑን ናሙና አውጥቶ ከመጣው ወንበር ጎን ማቆም ነው። ናሙናዎቹን በዕቃ ግምጃ ቤት ጨለማ ስፍራ አስቀምጧቸው፤ በመስኮት ፀሐይ ላይ ከሰነበቱ ቀለማቸው ይለወጥና ሻጩ ይህ የኔ አይደለም ሊል ይችላል።